ከጥርባ የመጣው ሸክላ ማጫወቻ

ዳንግላ ላይ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ በስተግራ በኩል ረጅም በረንዳ ያለው ቆርቆሮ ቤት ነበር። የበረንዳው ግማሽ የእኔ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪ፣ ኮትና የተማሪ ቁምጣ እሰፋበታለሁ። ሌላው ግማሽ የሰዓት ሠሪው የአድማሴና የሚስቱ የበቀለች ነበር። በመካከላችን ግድግዳ የለም። እነሱ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ ሲኮራረፉ መኪናዬን ጫን አድርጌ እረግጣለሁ፣ እንዳልሰማ መሆኔ ነው። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ስለኖርን፣ ስለ በቀለች የምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በቀለች የአንከሻ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው። ልጅ ሳለች ዳንግላ አክስቷ ዘንድ መጥታ አማርኛውን እንደ ውሃ ጠጣችው። አድማሴ ከብቸና ወገን የመጣ ሰው ነው፤ ሰዓት መሥራት የተማረው አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ ተቀጥሮ ነው። አገውኛ አንዲት ቃል አያውቅም። የተገናኙትም በዚሁ ሰበብ ነው። አድማሴ እዚህ አገር በገባ ሰሞን ፈረስ ሊገዛ ገበያ ይወርድና ከአንድ አገውኛ ብቻ ከሚናገር ገበሬ ጋር በእጅ በጣት ሲከራከር ያረፍዳል። በቀለች ማሽላ ልትገዛ መጥታ በዚያ ስታልፍ አይታ አዘነችለት፤ ቆማ ታስተረጉም ጀመር። ገበሬው አንድ ነገር ተናግሮ አካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ምን አለ?» አለ አድማሴ።

«ሲያዩህ የፈረስ ሰው ትመስላለህ ነው የሚለው» አለችው።

ገበሬው ያለው ግን «ይሄ ሰውዬ ልጓሙን የያዘው እንደ ወጥ ማማሰያ ነው» ነበር። እውነቱን የነገረችው ከተጋቡ በኋላ ነው። አድማሴ ይህን ታሪክ ለደንበኛ ሁሉ ያወራው ነበር፤ እሷ ሻሽዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ትስቃለች።

ልጅ አልወለዱም። ይሄ እንዳሳዘናቸው አውቃለሁ፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። በቀለች የቤቱን ሥራ ስትጨርስ እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ በረንዳው ላይ ትወጣና ባሏ አጠገብ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ሰው ፊት «እርስዎ» ነው የምትለው፤ ደንበኛ ሲሄድ «አንተ» ይሆናል። እኔን እንደ ሰው አትቆጥረኝም መሰለኝ፣ እኔ ፊት «አንተ» ነበር።

የአድማሴ ዓይን መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ እንጃ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ በረንዳውን ሞልታ ሳለ፣ «ዛሬ ምነው ጨለመ?» ሲል ነው። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በቀለች ግን ቀና አላለችም፤ ፈትሏን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ሳይ፣ እንዝርቱ ጉልበቷ ላይ ይቀመጥና እጇ ሌላ ሥራ ይሠራል። የወደቀች ብሎን ከወለሉ ለቅማ እጁ የሚደርስበት ቦታ ታኖርለታለች። ካቻቢቴዎቹን በየመጠናቸው ትደረድራለች። እሱ እጁን ዘርግቶ የፈለገውን ያገኛል፤ ያገኘውም በራሱ ይመስለዋል፣ ወይም እንደዚያ እንዲመስለን ይፈልጋል። የዓይን ሞራ ነው። ብሌኑ ላይ ወተት እንደፈሰሰበት ሆኖ ይታይ ነበር። ግን አልተናገረም፤ እኛም አልተናገርንም። ዱሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታውን ሰዓት ያመጡለት እንደሆነ «የሚተካው ዕቃ የለም» እያለ መመለስ አመጣ። ደንበኛውም እየሳሳ ሄደ።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደረቅ ማለት ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ፈረስ እየሳቡ በረንዳችን ፊት ቆሙ። ፈረሱ የሚያምር፣ የሰባ ቦራ ነው። ኮርቻው ላይ ግን ሰው አልተቀመጠም፤ በጋቢ የተጠቀለለ ሣጥን መሳይ ነገር በገመድ ታስሯል። ሽማግሌው እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። አያ አየነው ይባላሉ፤ የጥርባ ገበሬ ናቸው። ማታውን ዘመድ ቤት አድረው፣ ከጥርባ እስከ ኮሶ በር፣ ከኮሶ በር እስከ ዳንግላ በእግራቸው ነው የመጡት። ሣጥኑን ተቀምጠው ቢይዙት ፈረሱ ያንገጫግጨዋል ብለው ፈርተው፣ ኮርቻውን ለሣጥኑ ለቀው እሳቸው ልጓም እየሳቡ መጡ።

አማርኛቸው ለሰላምታ ያህል ነው። ሰላምታውን እንደጨረሱ ወደ አገውኛ ዞሩ፤ በቀለችም እንዝርቷን አስቀምጣ ተቀበለቻቸው።

ጋቢው ሲፈታ የወጣው ሸክላ ማጫወቻ ነው። እንደ ትንሽ ሻንጣ መያዣ ያለው፣ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ ማውጫው ክዳኑ ውስጥ የሆነ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። እንዲህ ያለው ዕቃ ያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ እንኳ ሁለት ሦስት ሰው ቤት ቢገኝ ነው። ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰው ልጃቸው ስማቸው ነው ያመጣላቸው፤ ልጁ አሁን ኦጋዴን ነው ያለው። ማጫወቻው አንድ ዓመት ያህል በደህና ሠርቶ ክረምት ላይ ቀጥ አለ። ቢነኩት፣ ቢያነሱት፣ አይዞርም፣ አይናገርም።

አድማሴ ሣጥኑን ዳበሰው። ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ እጁን ሰበሰበና «በያቸው፤ እኔ ሰዓት ነው የምሠራ። ይሄን ባሕር ዳር ይውሰዱት» አላት።

በቀለች አልተረጎመችም።

«በያቸው እንጂ።»

ነገረቻቸው። አያ አየነው አልተቆጡም፤ አልለመኑምም። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ በቀስታ መናገር ጀመሩ። እኔ ከገበያ የለቀምኳት ጥቂት አገውኛ ስለነበረችኝ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ያዝኩ። በቀለች ግን እየሰማች ሳለ እንባዋ መጣ። ሲጨርሱ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሚስታቸው ወይዘሮ ማናለብሽ ይባላሉ» አለች። «ዓምና ፋሲካ ሰሞን ገብስ ሊያሰጡ ጓሮ እንደወጡ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። አፋቸውም ተያዘ። ውሃ እንኳ ማለት አይችሉም። ካህኑም ጠበል አጠመቋቸው፣ ሐኪምም አያቸው፤ ምንም የለም። ታዲያ አንድ ቀን አያ አየነው ለራሳቸው ሸክላውን ሲያጫውቱ፣ ከመደቡ ላይ ድምፅ ሰሙ። ሚስታቸው እያዜሙ ነው። መናገር የማይችሉት ሴትዮ ከዘፈኑ ጋር እያዜሙ! ዘፈኑ ሲያልቅ ድምፁ ጠፋ። መልሰው ሲያጫውቱት መልሰው አዜሙ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያጫውቱላቸው ነበር። እንግዲህ ይሄ ዕቃ ከቆመ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም ነው የሚሉ።»

ፈረሱ ልጓሙን ያላምጣል።

ያን ጊዜ በቀለች ተነሥታ ሄደችና ከባሏ ፊት ቆመች። «አድማሴ፣ እኔ አያለሁ» አለችው። «አንተ ምን እንደማደርግ ንገረኝ።»

«አንተ» አለችው፤ እንግዳ ሰው ተቀምጦ ሳለ። እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አድማሴ አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ በርጩማው ላይ ወደ ጎን ሸርተት አለና ለእሷ ቦታ ለቀቀላት።

«መጀመሪያ ድንጋዩን ጠይቂያቸው» አለ። «ለመጨረሻ ጊዜ የቀየሩት መቼ ነው?»

አያ አየነው ሲመልሱ ትንሽ አፈር እንዳሉ በቀለች ነገረችን። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ደመና የሆነ እንደሆነ ምድጃ ዳር ያሞቁታል። ነፍስ ይዘራና ትንሽ ይሠራል። የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ግን ከሞቱም በኋላ አላወጧቸውም፤ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ውስጥ ነበሩ።

ገበያው ውስጥ ካለው የአረብ ሱቅ አዲስ ድንጋይ አመጣሁ። በቀለች አሮጌዎቹን አውጥታ አዲሶቹን ደረደረች። አድማሴ እያንዳንዱን በጣቱ ዳበሰ፤ ጫፉ በየት በኩል እንደዞረ ሊያውቅ ነው። «መርፌ የያዘውን ክንድ ወደ መሐል ግፊው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው እሱ ነው» አላት። ገፋችው። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ አዳመጠ።

«ምንም» አለ። «ትንፋሽም የለው።»

«ልፍታው?»

«ፍቺው።»

ገልብጣ ብሎኖቹን ፈታች። የታችኛው ክዳን ሲነሣ ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ!» አለች።

«ምንድን ነው? ንገሪኛ!»

«ድንጋዩ የሚያርፍበት ሞላ አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ሻጋታ ነው፤ ነጭም አለበት። የድሮ የነሐስ መስቀል ሳይወለወል ሲቀር እንደሚያወጣው ዓይነት ነው።»

አድማሴ ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩ አልቅሶበታል» አለ። ድንጋይ ሲሞት ውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ የነካውን ብረት ሁሉ ይበላል ሲል አስረዳን። «በቢላዋ ፋቂው፤ በደንብ። ከዚያ ሎሚ ቆርጠሽ እሺው። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት። ብረቱ ሲያበራ ንገሪኝ።»

ፋቀች፤ በሎሚ አሸች፤ በጨርቅ አደረቀች፤ በብርጭቆ ወረቀት ወለወለች። እጇ አረንጓዴ ሆነ። አያ አየነው እንደ ሕፃን ተንበርክከው ከሥር ከሥሯ ያያሉ። «አበራ» አለች በመጨረሻ። ድንጋዩን መልሳ ገጠመችና ክንዱን ገፋችው።

ምንም።

አያ አየነው ተነሥተው ወደ ፈረሳቸው ሄዱ። ኮርቻውን ያበጃጁ ጀመር፤ የሚበጅ ነገር ግን አልነበረውም። አድማሴ ጉልበቱን በጡጫው መታ። «አየሽ?» አላት። «ብዬ ነበር፤ አልችልም ብዬ ነበር።»

«አንተ ምን ሆንክ? ገና መጀመራችን ነው» አለች በቀለች። «ቀጥሎ ምን ላድርግ?»

አድማሴ ወደ እኔ ዞረ። «ነጋ፣ የእጅ ባትሪህ አለ?» አለኝ። ሰጠሁት። ከውስጡ ትንሿን አምፑል አወጣና ሁለት አጫጭር ሽቦ እንድታስርባት ነገራት። «አንዱን ጫፍ የመጨረሻው ድንጋይ ካረፈበት ሞላ አስነኪ። ሌላውን ከፊተኛው። በራ?»

«በራ!»

«እንግዲህ ኃይል አለ፤ ድንጋዩም ሞላውም ደህና ነው። አሁን አንደኛውን ጫፍ ሳታነሺ፣ ሌላውን ሽቦው ሞተሩ ላይ ከደረሰበት ቦታ አስነኪ። መጀመሪያ ቀዩን፤ ከዚያ ጫፎቹን አለዋውጠሽ ጥቁሩን።»

«ቀዩ በራ። ጥቁሩ… ጥቁሩ አይበራም።»

አድማሴ ቀና አለ። እንዲያ ቀና ሲል ካየሁት ቆይቼ ነበር። «የጥቁሩን ሽቦ ተከተይ። የተቆረጠ ቦታ አለው?»

«የለውም። ላዩ አዲስ ነው የሚመስለው።»

«ላዩን ተይው። በጣትሽ እያጠፍሽ ሂጂ። ከሞላው አጠገብ ጀምሪ።»

ዓይኗን ሳትጨፍን አልቀረችም፤ እንደ እሱ በጣቷ ልታይ። ጥቂት ሄዳ ቆመች። «እዚህ ጋ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ገለባ ይጣጠፋል።» በስለት ሰነጠቀችው። ከሽፋኑ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። መርዙ ከሞላው ተነሥቶ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ሄዶ፣ ላዩን ሳይነካ ውስጡን በልቶታል።

«አያ አየነው!» ብላ ጮኸች በቀለች፤ የቀረውን በአገውኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው የፈረሱን ልጓም ለቀው መጡ።

አዲስ ሽቦ ቆርጣ ከሞላው እስከ ሞተሩ ዘረጋች። መበየድ ግን ሠርታ አታውቅም። የብየዳው ብረት ከሰል ላይ ሲግል፣ አድማሴ ከኋላዋ ቆሞ የእጇን አንጓ ያዘላት። «ብረቱን አስጠጊ። እርሳሱን አስነኪው። ቆይ… ቆይ… አሁን ሸተተ። አንሺ!» እርሳሱ እንደ ጤዛ ክብ ብሎ ሽቦውን ያዘ። ሌላኛውንም ጫፍ እንዲሁ አደረጉ። ሰው ሲሠራ አይቻለሁ፤ ሁለት ሰው በአንድ እጅ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ አየነው ሸክላውን ከብብታቸው ሥር አወጡት። ሰውነታቸው ላይ አስረውት ነበር የመጡት። በቀለች አስቀምጣ ክንዱን ገፋችው፤ ዞረ። መርፌውን አሳረፈችው። አንዲት ሴት ከወንዝ ማዶ ያለውን ሰው «ና፣ ና» እያለች የምትጣራበት የአማርኛ ዘፈን ነው። መንገደኛው ቆመ፤ ጋሪ ነጂው ሁሉ ፈረሱን ገታ። አያ አየነው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሰሙት። ሲያልቅ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልናት ሁለታችንም።

«ሚስቴ ስታዜም ሁልጊዜ ትቀድማታለች አሉ። ዘፋኟን። ዕቃው ሊቆም ሲል ቸኳላ ሆና ነበር፤ ሕመሙ ነው መሰለኝ አሉ።»

በቀለች ማጫወቻው ሥራ ሲፈታ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥን፣ ሞላውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግን አሳየቻቸው፤ አስደግማም አስያዘቻቸው። ሽማግሌው ሣጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እንደ አመጣጣቸው ፈረሱን እየሳቡ ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ መኪናዬን ጫን አድርጌ ረገጥኩ። ያም ሆኖ ሰማሁ።

«መቼ ነው ያወቅሽ?» አላት አድማሴ።

«የዚያን መምህር ሰዓት ስትሠራ አንዷን ጥርሳም ጎማ ገልብጠህ የገጠምህ ጊዜ። ማታ አስተካከልኩት።»

«አንቺ ነሽ ያስተካከልሽው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ የጠበቅሁ።»

«ፈራሁ፣ በቄ። ሥራዬን ካጣሁ ለአንቺ ምን እሆንሻለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ሞኝ» አለችው። «እኔ ያገባሁት ሰዓት ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ የምሰማው ነገር አልነበረም፤ ብሰማም አልነግራችሁም።

በጥር ወር፣ አገው ፈረሱን ሸልሞ ጊዮርጊስን በሚያከብርበት ሰሞን፣ አያ አየነው ሰው ልከው ባልና ሚስቱን ጥርባ ጠሯቸው። እኔ አልሄድኩም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። የሆነውን ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል፤ ልዩነት የለውም።

እስከ ኮሶ በር በጭነት መኪና ሄዱ፤ ከዚያ አያ አየነው በፈረስ ተቀበሏቸው። ቤቱ በቀርቀሃ አጥር የተከበበ ነው፤ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ወይዘሮ ማናለብሽ መደቡ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጠጉራቸው የተሠራ፣ ነጠላቸው የታጠበ ነው። በቀለች ጎንበስ ብላ በአገውኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሊመልሱ ታገሉ፤ አልመጣላቸውም። ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ነኩና «ና» አሉ።

«አይዞሽ፤ ይህቺ ቃል ከዘፈኑ ቀርታላት ነው» አሏት አያ አየነው። «አንዷ ብቻ። ሁሉም ነገር በእሷ ነው።»

እውነትም በቀለች ስታስተውል ዋለች። ወይዘሮ ማናለብሽ «ና» ሲሉ አያ አየነው ተነሥተው ውሃ ያጠጧቸዋል። ደግሞ «ና» ሲሉ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ፤ ጭሱ እንዲወጣ። ሌላ ጊዜ «ና» ሲሉ ምንም ሳያደርጉ አጠገባቸው ሄደው ቁጭ ይላሉ። እንዴት እንደሚለዩት ብትጠይቃቸው እሳቸውም ግራ ገባቸው። «ትናገራለች እኮ፣ ልጄ። አንቺ አትሰሚያትም?» አሏት።

ከምሳ በኋላ ሸክላው ተጫወተ። ዘፋኟ ስትጀምር ወይዘሮ ማናለብሽም ጀመሩ። ቀጭን፣ የጠራ ድምፅ ነው፤ ቃሉ አልተዛባም፣ አልተጎተተም። ግን አያ አየነው እንዳሉት ነው፤ እሳቸው ስንኙን ሲጨርሱ ዘፋኟ ገና ናት። እሳቸው ቀድመው ይቆማሉ፤ እሷን ይጠብቃሉ። አያ አየነው በእጃቸው ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እያሉ ያሳያሉ።

አድማሴ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ «ይደገም» አለ። ተደገመ። በሁለተኛው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «በቄ፣ እሳቸው አይደሉም» አላት።

«ምኑ?»

«የቀደሙት እሳቸው አይደሉም። ማጫወቻው ነው የዘገየው። የዘፋኟን ድምፅ ስሚው፤ ወፍሯል፣ እንደ ወንድ ሆኗል። ሸክላው በዝግታ እየዞረ ነው። እሳቸው ዘፈኑን የያዙት ዕቃው አዲስ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ በሰሙት ልክ ነው የሚሄዱ።»

በቀለች የሰዓት ዘይቷን ይዛ ነበር የሄደችው። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሰሃን አንሥታ ብታይ፣ መዞሪያው ላይ የነበረው ዘይት ከምድጃው ጥቀርሻ ጋር ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ጠርጋ አወጣችው። በወስፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ አኖረች። መልሳ ገጠመችና መርፌውን አሳረፈች።

የዘፋኟ ድምፅ ቀጥኖ፣ ነፍስ ዘርቶ ወጣ። ወይዘሮ ማናለብሽ አብረው ገቡ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ እኩል ደረሱ። ሴትዮዋ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ፤ ዘፋኟ ብቻዋን ቀረች። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሳቃቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። መልሰው ገቡና ዘፈኑን ከዘፋኟ ጋር ጎን ለጎን እስከ መጨረሻው ይዘውት ሄዱ።

አያ አየነው መደቡ ሥር ተንበርክከው የማትሠራዋን የሚስታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስንት ጊዜ ቀስ በይ አልኳት!» አሉ ለበቀለች። «ልክ እሷ ሆና ሳለ፣ በየቀኑ እኔ ቀስ በይ እላታለሁ። እሷም መልስ የላት።»

«ና» አሉ ወይዘሮ ማናለብሽ። ሽማግሌው ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ማናለብሽ ከዚያ በኋላ ሌሎች ቃላትም መጡላቸው ብዬ ብነግራችሁ ጥሩ ነበር፤ አልመጡም። ግን ደህና ኖሩ። ልጃቸው ስማቸው ከኦጋዴን ተመልሶ ሲያገባ፣ ሙሽራዋን በዘፈን እንደተቀበሏት አያ አየነው አንድ የገበያ ቀን መጥተው አወሩን።

ዳንግላ ላይ ደግሞ በቀለች በርጩማው ላይ ቀረች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይጠራጠር ነበር። አንዱ የፖሊስ መቶ አለቃ ሰዓቱን አውጥቶ ሲያበቃ የምትሠራው ሴት መሆኗን አይቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። አድማሴ «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ያስጠጉልኝ» አለው። አዳምጦ «ሚዛን ጎማው ተጣሟል፤ እሷ ታቃናዋለች» አለ። መቶ አለቃው ሰዓቱን ትቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ተሠርቶ ሲወስደው የሚስቱንም ሰዓት አመጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ተለመደ። እሱ ይሰማል፤ እሷ ታያለች። በኋላ በኋላ የትራንዚስተር ሬዲዮ ሲበዛ እሱንም ይሠሩ ጀመር፤ ከጫግኒ ሳይቀር ሰው ይመጣላቸው ነበር። አገውኛ የሚናገረው ገበሬ ዕቃው ምን እንደሆነበት በገዛ ቋንቋው የሚነግረው ሰው አገኘ። አድማሴም ከብዙ ዓመት በኋላ አገውኛ መልመድ ጀመረ፤ አነጋገሩ ገበያውን ሁሉ ያስቅ ነበር፣ አልተወም።

እኔ ጉልበቴ ቆላ ሲፈልግ ጫግኒ ወረድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለአንድ ለቅሶ ዳንግላ ስወጣ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ከፍተው በመካከላቸው አስቀምጠዋል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። በቀለች ጠጉሯ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጋለች። አድማሴ ጨርሶ አያይም።

«ይፈጥናል» ይላል እሱ።

«አይፈጥንም።»

«ይፈጥናል እያልኩሽ! አይሰማሽም?»

«እሺ እንዳልከው ይሁን፤ እሱን ተወውና ነጋ መጥቷል፣ ሰላም በለው» አለችው። እጁን ያዘችና ወደ እኔ ዘረጋችው።